የጎደለ መረጃ

የምከፈለው በሰዓት ነው። በቃል ቢሆን ኖሮ
ባለጠጋ ነበርኩ ዘንድሮ፤

ምክንያቱም ከፋሲካ በኋላ ባለው አንድ ወር
ሦስት ተመራማሪ መጣብን፣ ቤርሼባ፣ ዳሌት ሰፈር፣
ሊፍት የሌለው ሕንፃ፣ አራተኛው ፎቅ ድረስ፣
አንዱ ሳይወርድ ሌላው ሲደርስ።
ለሦስቱም አፋቸው እኔ፤
ሆድና ጀርባ በሆኑ ሁለት ቋንቋዎች መሃል የተጣበቀ ጎኔ።

ኢልያ የአቧራ ሰው ነው። ጣራው ላይ ወጣና
ጡሩንባ መሳይ ነገር ተከለ፣ ነጭ ወረቀት ከውስጡ አኖረና
"አየሩን እንቀዳዋለን፣ ከዚያ ይናገራል" አለኝ።
ለአባ አበጀ ስተረጉም ሽማግሌው ሳቁብኝ፦
"ነፋስ ሲጠብቁ ውለው ደሞዝ የሚበሉ!
ነፋስ ስንጠብቅ እኛ፣ እህል ልናዘራ ነበር" አሉ።

ዶክተር ዮኤላ የሳምባ ናት። ልጆቹን አሰልፋ
ቱቦ ታስነፋለች፤ "ንፋ፣ ንፋ፣ ምንም ሳታስቀር ንፋ!"
የእታገኝ ልጅ ቁጥሩ ከሁሉ ያነሰ ጊዜ
እናቱ በጆሮዬ "ወደቀ?" አለችኝ፣ በትካዜ።
"ፈተና አይደለም፣ አየር ነው" ብላት አላመነችም፤
እዚህ አገር ልጇ ተለክቶ ሳይፈረጅ ቀርቶ አያውቅም።

ሂላ ገና ተማሪ፤ ጥያቄዋ አርባ ሁለት፣
ከ"ፈጽሞ" እስከ "ሁልጊዜ" አምስት አምስት ሳጥን ያለበት።
"ባለፈው ወር ምን ያህል ጊዜ ጭንቀት ተሰማዎት?"
እማ ትርንጎ "ሆዴ ነው" አሉ።
"ጨጓራ?" አለችኝ። "ሐኪም አይቷቸዋል?"
እንዴት ልንገራት? እኛ ጋ ሆድ ይብሳል፣ ይባባል፣
ይሻክራል፣ ይቆርጣል፣ የዘመን ነገር ይችላል፤
በሷ ቋንቋ ግን ሆድ ምሳ ይፈጫል።
ይህን ሁሉ ላስረዳ ብል ሰዓቱ ያልቃል።

ሠላሳ አራተኛው ጥያቄ ደረሰ፦
"በመንገድ ላይ ያጡት የቅርብ ሰው አለ?"
እማ ትርንጎ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አጠፉ፣
ዘረጉ፣
አጠፉ።
"ሆድ ይፍጀው።"

ሂላ ብዕሯን አንስታ ዓይኔን ታያለች።
አምስት ሳጥን አለ፤ ሆድ ይፍጀው የሚል ሳጥን የለም።
"መልስ የለም" አልኩ። ባዶውን ትታ አለፈች።
መልስ ነበረ እኮ። ከአርባ ሁለቱ
ሙሉ ሆኖ የወጣው እሱ ብቻ ነበር፣ በእውነቱ።

በሳምንቱ ሐምሲን ነፈሰ። ሰማዩ እንደ ዛገ ቆርቆሮ፣
የእታገኝ ልጅ ሌሊቱን ሲያፍን፣ ሲያስል አድሮ፣
ኢልያ ሲነጋ ወረቀቱን ሊያነሳ መጣ፤
ነጩ ወረቀት የአንበሳ ጠጉር መስሎ ወጣ።
እማ ትርንጎ ደረጃው ላይ ያዙን፦
"ይሄ ከየት መጣ በሉልኝ?"

ኢልያ ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ብሎት ፈካ፦
"ከሰሃራ፤ ይሄኛው ግን ወደ ደቡብ ያደላል፤ ከሱዳን ሳይሆን አይቀርም ለካ።"
መዋሸት አማረኝ። እንዳለ ተረጎምኩ።

"ከሱዳን? ከሱዳንስ የት? ገዳሪፍ አጠገብ?"
"ያን ያህል አይለይም" አለ። "ስህተቱ ሰፊ ነው።"
ስህተቱ ሰፊ ነው፣ ብዬ ነገርኳቸው።
"ሰፊ ነው እንጂ" አሉ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤
ጣታቸውን ሰደዱ።

"እንዳይነኩት፣ ናሙናው ይበላሻል!" አለ ኢልያ።
እሱን አልተረጎምኩም።

ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ምንጣፍ ሲያራግፍ፣ በረንዳ ሲያጥብ ዋለ፤
የእማ ትርንጎ በረንዳ ግን አቧራው እንደተኛ፣
ውሃ ሳይነካው፣ መጥረጊያ ሳይደርሰው፣ እስከ ዓርብ ድረስ ሰነበተ።

ሁለት ዓመት አልፎ ጥናቶቹ ታተሙ።
በኢልያ ጽሑፍ፣ ከግርጌ፦ "አንድ ናሙና በንክኪ ተሰርዟል።"
በሂላ ሰንጠረዥ፣ ከታች፦ "የጎደለ መረጃ፣ አንድ" ይላል።
የዮኤላ ግራፍ ላይ የእታገኝን ልጅ ፈለግሁት፤ ነጥብ ነው፣
ከነጥቦቹ የትኛው እንደሆነ ግን እንጃ።

ሁለቱ በአንድ ግቢ ያስተምራሉ፣ አይተዋወቁም።
የተሰረዘውና የጎደለው አንዲት ሴት መሆናቸውን
የማውቅ እኔ ነኝ፤
ማንም በሰዓት ከፍሎ አልጠየቀኝም።